መጀመሪያ ከሩቅ

ወንበሮቹ ጋራዡ ውስጥ ሲናዱ ሳሎን የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ክው አለ። ከዕድሩ የመጡ ተጣጣፊ የብረት ወንበሮች ናቸው። አንዱ ሰውዬ ሁለት ሊያነሣ ሲል ግድግዳው ላይ የተደገፉት ሠላሳዎቹ ተከታትለው ሲሚንቶው ላይ ተዘረገፉ። «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ እማማ የሺሐረግ። እሳቸው የሟቹ ዘመድ አይደሉም፤ ግን ዳላስ ዳር ባሉት በሳክሲና በጋርላንድ ከተሞች ያለ እሳቸው ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም።

ሕዝቅያስ ወንበሮቹን አላየም። የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ ስለነበር ዓይኑ በመስታወቱ በኩል ጓሮው ላይ ነበር። ሣሩ ላይ ተጋድማ የነበረችው የወንድሙ ውሻ ብድግ አለች። ነጭ ናት፤ ግራ ዓይኗን ብቻ ቡናማ ቀለም ከቦታል። ጅራቷን እግሯ መሃል ቀበረች፣ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ አለች፣ ከዚያ እየተሳበች ጥግ ላይ ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ ሼድ ሥር ገባች። አልጮኸችም። ሕዝቅያስ እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚህ በፊትም ያየ መሰለው፤ የት እንደሆነ ግን ሊያስብበት አልፈለገም።

«ይቺ ውሻ እስካሁን አልሄደችም እንዴ?» አለ ኤፍሬም ከኋላው መጥቶ። ኤፍሬም የዕድሩ ሰብሳቢ ነው፤ ለቅሶን እንደ መጋዘን ሺፍት በሰዓት የሚያስኬድ ሰው።

«የውሻ ሼልተሩን ኮል አድርጌያለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት መጥተው ይወስዷታል።»

«ጥሩ። ነገ ሠልስት ነው፣ ቄሱ ይመጣሉ። ሶ፣ እስከዚያ እዚያው ጓሮ ትቆይ። ማለቴ፣ ሰው እንዳያያት ብዬ ሳይሆን... ገብቶሃል።»

ገብቶታል። ይርጉ ከሞተ አራተኛ ቀኑ፣ ከተቀበረ ሁለተኛው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ከዳው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ዓለምጌጥ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተጠርታ ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድሙ ሕዝቅያስ ነው። ብቸና ተወለዱ፣ በሱዳን በኩል ተሰደዱ፣ ዳላስ ገቡ ብሎ፣ «በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ዓመታት በታማኝነት አገልግለዋል» በሚል ዘጋው። ውሸት አልነበረም። ግን ይርጉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ስድስቱን ዓመት ያገለገለው ቡችሎችን ነው።

ወረቀቱን ቀድማ ያየችው ዓለምጌጥ ነበረች። «ውሾቹን ረሳሃቸው» አለችው።

«እትዬ ዓለም፣ መቅደስ ፊት ስለ ውሻ ይነበባል?»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት እንጂ አልተከራከረችውም። ሰው ካልሄደ ወይም ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ ሕዝቅያስ ወንድሙን ሞቶም በወጉ አላመሰገነውም። ይህ ከቅዳሜ ጀምሮ ይከነክነው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ካርጎ ውስጥ ነው። ይርጉ ያን ጊዜ ከአውሮፕላን ጭነት ያወርድ ነበር። አንድ ሐምሌ፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሰዓት፣ ሣጥን ውስጥ ሆና የምታለቅስ ቡችላ አገኘ። ሣጥኑን ወደ ጥላ ስቦ ቁጢጥ አለና በለሆሳስ ያወራት ጀመር። ባለቤቷ ሊረከባት ሲመጣ ቡችላዋ ጸጥ ብላ በሣጥኑ ቀዳዳ የይርጉን ጣት ትልስ ነበር። ሰውዬው ዴል የሚባል የቴክሳስ ሽማግሌ ነው፤ ከዋይሊ ወጣ ብሎ ሰፊ ሜዳ አለው፤ ሥራው ወፍ አነፍናፊ ውሾችን ለውድድር ማሠልጠን ነው። «ምን እያልካት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ይርጉም «አይዞሽ፣ ደርሰሻል እያልኳት ነው» አለው። ዴል ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠው። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቀጥሎ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ይሄድለት ጀመር፤ በሁለተኛው ዓመት ይርጉ የኤርፖርት ባጁን አስረክቦ ጠቅልሎ ሜዳ ገባ።

ይህ ለአገሬው ሰው የሚዋጥ አልነበረም። ውሻ ጓሮ ሲሆን ዘበኛ ነው፤ ሳሎን ከገባ ግን ባለቤቱ ፈረንጅ ሆኗል ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያን የሚያህል ሥራ ከነኢንሹራንሱ ጥሎ ቡችላ ማሳደግማ ጭራሽ ሕመም ነው። ሕዝቅያስ ሰው ሲጠይቀው «ጋሼ ኤርፖርት ነው» ይል ነበር። እሱ ራሱ ሹፌር ሆኖ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ስለሚውል ውሸቷ ለአፉ አልከበደችውም።

አንዴ ብቻ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ይርጉ ሥራውን አሳይቶት ያውቃል። በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ የድርጭት ክንፍ አስሮ ሣሩ ላይ ያዘልለው ጀመር። የሁለት ወር ቡችላ ክንፉን ሊይዝ ዘለለ፤ አመለጠው። ደግሞ ዘለለ፤ አመለጠው። በሦስተኛው አንድ እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ተወጠረ።

«አየህ ሕዝቄ? ማንም አላስተማረውም። ከእናት ከአባቱ ያመጣው ነው። የእኔ ሥራ ያመጣውን እንዳይጥለው መጠበቅ ነው።»

«ውድድሩ ይሄ ነው? መቆም?»

«ወፉን አሽትቶ ማግኘት፣ ከዚያ ተኩስ እስኪመጣ ድረስ ሳይነቃነቅ መቆም። ተኩሱ ነው ጣጣው። ቡችላ ሲበላ በሩቅ ሆነህ መጥበሻ ትመታለህ። ካልደነገጠ በማግስቱ አንድ እርምጃ ትቀርባለህ። ከደነገጠ አትቆጣው፣ አታባብለው፤ አንተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ድምፅ መጀመሪያ ከሩቅ ነው። ሽጉጥ የሚመጣው ከስንት ወር በኋላ ነው። ያለ ጊዜዋ የተተኮሰች አንዲት ጥይት ውሻን ዕድሜ ልኩን ታበላሸዋለች።»

ሕዝቅያስ ሰዓቱን አየ። ይርጉም አየው፤ ሳቀና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ዘንጉን ጠቀለለ። እንግዲህ ሕዝቅያስ አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። ተነግሮት ነበር።

እሑድ ወደ ማምሻው ላይ ሴቶቹ ሳሎን ጥግ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወጉ ነበር። «ምስኪን፣ ልጅ ስላልሰጠው እኮ ነው ውሻ ላይ የወደቀው» አሉ እማማ የሺሐረግ። የእሳቸው ሹክሹክታ ጋራዥ ድረስ ይሰማል።

ዓለምጌጥ ነጠላዋን አስተካከለች። «እማማ፣ ልጅ ስላጣ አይደለም። ሥራው ስለሆነ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ ልጄ፣ ሥራ ክቡር ነው» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ዳቦ እንድትቀምስ ለመኗት።

ዓለምጌጥ ሕዝቅያስን በዓይኗ ጠራችው። «ቡላ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። ሳህኑን አውጣላት።»

ስሟን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ጠይቆ አያውቅማ። ሳህኑን ይዞ ጓሮ ወጣ፤ ሼዱ ሥር አፍንጫ ብቻ ይታያል፤ ሊጠራት ቢሞክር አፍንጫውም ገባ። ሳህኑን አስቀምጦ ሊመለስ ሲል ትንንሽ ብርቱካናማ ባንዲራዎች አየ። ከሳህኑ ቦታ ጀምረው በፍርግርጉ በር አልፈው፣ ከአጥሩ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ዳር ዳሩን ተተክለው ይሄዳሉ። የጋዝ ቧንቧ ሊቆፍሩ ነው ብሎ አለፋቸው።

«እትዬ ዓለም፣ ማክሰኞ ይወስዷታል። ኦኬ ነው አይደል?» አላት ተመልሶ።

«እኔ ደብል ሺፍት ነኝ። ማን ያያታል? ደግሞ በየማታው በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። እሱን ማየት አልችልም ሕዝቄ።» ፊቷን አዞረች። «ይውሰዷት።»

በሠልስቱ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ጸበል ረጭተው፣ ገና ከመሄዳቸው ዴል መጣ። ቅዳሜም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከኋላ ቆሞ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እስከ መጨረሻው አዳምጦ ነበር። አሁን በአንድ እጁ ባርኔጣ፣ በሌላው አንድ ሣጥን ዶናት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እማማ የሺሐረግ ሣጥኑን ተቀብለው፣ እጁን ይዘው አስቀምጠው፣ ሙሉ ሳህን ምግብ አቀረቡለት። «ብላ በሉት፤ ከስቷል» አሉ፤ ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያው ነው።

«ማን ነው?» አሉ ወንዶቹ።

«ሱፐርቫይዘሩ ይመስለኛል፣ ከኤርፖርት» አለ ኤፍሬም።

ሕዝቅያስ ሰማ። ማረም ይችል ነበር፤ አላረመም። ዴል ሳህኑን በትጋት ጨረሰ፤ አጠገቡ ወዳለው ሕዝቅያስ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ «ቡላን ባያት ቅር ይልሃል?» አለው።

ሁለቱ ጓሮ ወጡ። ሳህኑ እንደ ሞላ ነው። ዴል ጉልበቱን እያማረረ ሼዱ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ አልጠራትም፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነጩ ራስ ብቅ አለ።

«ማን አስደነገጣት?» አለ ሽማግሌው።

«ወንበር ወደቀ። እና ለቅሶው... እኛ አገር ጮክ ተብሎ ነው የሚለቀሰው።»

ዴል ራሱን ነቀነቀ። «አሥራ አምስት ወር» አለ ለራሱ።

«የምኑ አሥራ አምስት ወር?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። «አታውቃትም? ግራ ዓይኗን እየው።»

ሕዝቅያስ ግራ ዓይኗን አየ። ለእሱ ውሻ ሁሉ ውሻ ነበር፤ ያን ቡናማ ቀለበት ግን ያውቀዋል። ከእሑድ ጀምሮ አላስብም ያለው ነገር መጥቶ ፊቱ ቆመ።

ከአሥራ አምስት ወር በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ አባታቸው ብቸና ሞቱ። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ስለነበር መርዶው ዳላስ የደረሰው ከሃያ ቀን በኋላ ነው። አባታቸው ባለ ምንሽር ነበሩ፤ በአገሩ ደንብ እንዲህ ያለ ሰው ሲቀበር ጥይት ይተኮስለታል። ለእሳቸው አንድም አልተተኮሰ። አገሩ ሌላ ተኩስ በሞላበት ጊዜ ለሐዘን የሚተኩስ ሰው ራሱ ይተኮስበታላ። «እንደ ሌባ በዝምታ ቀበርናቸው» አለ አጎታቸው መስመሩ ሲከፈት። ይህ ቃል ሕዝቅያስን አንገበገበው፤ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ ከለከለው።

መርዶ በሰሙ በአምስተኛው ቀን ይርጉ ጠዋት ከለቅሶ ቤቱ ጠፋ። የት እንደሄደ ሕዝቅያስ አላጣውም። እየነዳ ሜዳው ደረሰ። ይርጉ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ በእጁ ረጅም ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ የአራት ወር ቡችላ። ሣሩ ውስጥ ድርጭት አለ። ቡችላዋ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ሕያው ወፍ አሽትታ፣ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ቀጥ ብላለች። ይርጉ ትንፋሹን ይዟል። ለሕዝቅያስ የታየው ግን በአባቱ ለቅሶ ከውሻ ጋር የሚጫወት ሰው ነው። ለመንገድ ክፋት ብሎ ከያዘው ሽጉጥ ጋር ከመኪናው ወረደ። «አባቴ! ምንሽር ያልተተኮሰልህ አባቴ!» ብሎ ወደ ሰማይ ሦስት ጊዜ ተኮሰ።

ወፉ ተነሣ። ቡችላዋ ሰው በሚመስል ድምፅ ጮኸች፤ ገመዱን ከይርጉ መዳፍ ላይ መንጭቃ፣ እየተንከባለለች ሄዳ የሕዝቅያስ መኪና ሥር ገባች። ሲጎትቷት ሽንቷን ለቃ ነበር።

ይርጉ አልተቆጣም። ገመዱ የላጠውን መዳፉን እያየ «ምነው ሕዝቄ» አለ ብቻ። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሕዝቅያስ ያጠፋ መሆኑን አውቋል፤ ያወቀውን ላለማወቅ ሲል የባሰውን ተናገረ፤ «ለአባትህ ያላለቀስከውን ለውሻ ልታለቅስ ነው?» አለው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም።

«ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ሳምንት ይሰጣት ነበር» አለ ዴል። «እኔም ስጣት ብዬዋለሁ። ወፍና ነጎድጓድ አንድ ነገር ሆኖባት ነበር፤ ወፍ ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች። እንዲህ ያለ ውሻ ለሜዳ አይሆንም። እሱ ግን ከእኔ ገዝቷት ቤቱ አመጣት። ባንዲራዎቹን አይተሃል?»

«የጋዝ ቧንቧ መስሎኝ ነበር።»

«የመጥበሻ ናቸው። ሁልጊዜ ከሥራ ሲገባ እራቷን ያስቀምጥላትና እዚያ መንገድ ላይ ሄዶ መጥበሻ ይመታል። ከዘጠና እርምጃ ጀመረ። ለአንዲት እርምጃ ሦስት ሳምንት የፈጀበት ጊዜ አለ። በመስከረም መጨረሻ አሥራ ሁለተኛው ላይ ደረሰ። ከዚያ ሜዳ ወሰድናት፤ ድርጭት ፊት ቆመች። ጅራቷ ቀጥ ብሎ። ያን ቀን ወንድምህ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

«ተኩሱስ?»

«እሱ ብቻ ቀረ። በባዶ ጥይት፣ ከሁለት መቶ እርምጃ። እኔ ልተኩስ አልኩት፣ እምቢ አለ። ወንድሜ ነው የሚተኩሰው አለኝ። ሁለት ቅዳሜ ጠበቀህ። በሁለተኛው ተናደድኩ፤ ውሻ የማን እጅ እንደሆነ አያውቅም፣ ስጠኝ አልኩት።» ዴል ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «ለውሻዋ አይደለም አለኝ።»

ሕዝቅያስ ስልኩን አወጣ። የወንድሙ ሁለት መልእክቶች አሁንም አሉ። የመጀመሪያው «ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ና፣ እፈልግሃለሁ» ይላል። ያን ቀን አዲሰን ከተማ ባለው አፓርትመንቱ ውስጥ አልጋው ላይ ተጋድሞ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። በሳምንቱ «ይኸኛው ቅዳሜስ?» የሚል መጣ። አሥራ አምስት ወር የዘገየው ቁጣ አሁን ሊመጣ ነው ብሎ ፈርቶ አልመለሰለትም። በቀጣዩ ሐሙስ ይርጉ ሞተ።

«አሁንስ? ለውድድር ትደርሳለች?» አለው ዴልን።

«ስሟን አስመዝግቦ ነበር። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው የሚገቡበት። ለእሷ ሌላ ዓመት የለም። እንዲህ ሆና ደግሞ አይሆንም፤ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት።»

«ለውድድር ካልሆነ ለምን ይጀመራል?»

«ወንበር በወደቀ ቁጥር ሼድ ሥር እየገባች እንዳታረጅ» አለ ሽማግሌው፤ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

ሕዝቅያስ በወንድሙ ቀብር ላይ አላለቀሰም ነበር። ሰው ሲያስተናግድ፣ ወረቀት ሲፈርም፣ መኪና የት ፓርክ እንደሚደረግ ሲያሳይ ነው የዋለው። አሁን ጓሮ ላይ፣ ለማያውቀው ፈረንጅ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ይርጉ በአባታቸው ለቅሶ ለምን ሜዳ እንደጠፋ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሰው ፊት ማልቀስ የማይችል ወንድም ነበረው፤ እሱ ራሱም አይችል ኖሯል። እማማ የሺሐረግ በመስታወቱ አይተውት ወደ እሱ ሊሄድ የተነሣውን ኤፍሬምን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። «ተወው፣ ይውጣለት» አሉት።

ሲገባ ፊቱን አልታጠበም። ዴል ሊሰናበት ቆሟል። ሕዝቅያስ ትከሻውን ይዞ ወደ ሰዉ አዞረው።

«ኤፍሬም፣ ይሄ ሰው ከኤርፖርት አይደለም። የጋሼ አለቃ ነው። ቅዳሜ የተነበበው ትክክል አልነበረም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት። ጋሼ ስድስት ዓመት የውሻ አሠልጣኝ ነበር።»

 መጀመሪያ የጠየቁት እማማ የሺሐረግ ናቸው። «እሺ፣ ለመሆኑ ውሻ ምን ይማራል ልጄ?»

«ቀጥ ብሎ መቆም፣ እማማ። እና አለመደንገጥ።»

«ይሄማ ትልቅ ትምህርት ነው» አሉ እማማ የሺሐረግ ከልባቸው፤ ለፈረንጁም ሌላ ሳህን ይምጣ ብለው አዘዙ። ዓለምጌጥ ቀና ብላ ሕዝቅያስን ዓይን ዓይኑን አየችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሕዝቅያስ ሼልተሩን ኮል አድርጎ አትምጡ አለ። አፓርትመንቱ በሊዙ ላይ ትልቅ ውሻ አይፈቅድም። «እዚሁ ትሁን፣ እኔ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ» አላት ዓለምጌጥን።

«ከአዲሰን? በዚያ ትራፊክ?»

«ወንድሜ ቤት ለመምጣት አሥራ አምስት ወር ከፈጀብኝ ትራፊኳ ምን አላት?»

ዓለምጌጥ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ አንድ ሰፋ ያለ መጥበሻ አመጣች። መያዣው በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጀርባው በማንኪያ ብዛት ጎድጉዷል። «ጥብስ እንዳይሠራበት ብሎ ደብቆት ነበር» አለችው።

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰዎች ወንበሮቹን ሊወስዱ መጡ። ኤፍሬም የመጀመሪያዎቹን አራት በአንድ ክንዱ ሰብስቦ ፒክአፑ ላይ ሊወረውር ሲል ሕዝቅያስ እጁን ያዘው።

«አንድ አንድ እናድርገው። ቀስ ብለን።»

«ሠላሳውን? ሥራ አለኝ እኮ!»

«ሠላሳውን።»

ኤፍሬም ወደ ጓሮው አየ፣ ሕዝቅያስን አየ፤ ሊቀልድ የነበረውን ተወው። ትልልቅ ሰዎች ወንበር እንደ እንቁላል እያቀፉ፣ ከሥሩ ጋቢ እያነጠፉ ሠላሳውን ጫኑ። አንድም አልተንኳኳ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሕዝቅያስ ሳህኑን በቦታው አስቀመጠ። መጥበሻውንና ማንኪያውን ይዞ በፍርግርጉ በር ወጣ፣ ዘጋው። ባንዲራዎቹ ላይ በይርጉ እጅ ጽሑፍ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አሥራ ሁለት የሚለውን አለፈ። ሠላሳን አለፈ። ስድሳ ላይ ጽሑፉ በዝናብ ደብዝዟል። የመጨረሻው፣ ዘጠና የሚለው፣ ከጎረቤት አጥር ሥር ሣር ውጦታል። እዚያ ቆሞ ዞረ።

ብዙ ቆየ። ውሻዋ ከሼዱ ወጣች፤ በሩን አየች፣ የምትጠብቀው እንዳልሆነ አወቀች። ረሃብ አሸነፋትና አፏን ሳህኑ ውስጥ ከተተች።

ሕዝቅያስ ማንኪያውን አነሣ። መጥበሻውን አንዴ፣ ለራሱም እንኳ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ ነካው።

ራሷን ቀና አደረገች። ጅራቷ ቀስ እያለ ወረደ። ሕዝቅያስ አይዞሽ ሊላት አፉን ከፈተ፤ አታባብል መባሉን አስታውሶ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ዘጠና የምትለውን ባንዲራ ከሥሯ ነቀላት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያ ተከላት።